ከክዳኑ በፊት ሕጉ

መንዝ ሲነሣ አስቀድሞ የሚነሣው ብርዱ ነው። የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ዛፉም ጥቂት ነው። የማገዶ እንጨት በማይገኝበት በዚህ ብርድ ሰው እንዴት ኖረ? መልሱን ከባናው ቀጥሎ የምናገኘው ከቤቱ ነው።

የመንዝ ነባር ቤት ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ከማሳ ተለቅሞ፣ በወፍራሙ ተክቦ ይቆማል። ቀን ከፀሐይ፣ ማታ ከምድጃ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይመልሳል። ክዳኑ ደግሞ የጓሳ ሣር ነው። ጓሳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲከደን በመካከሉ ተይዞ የሚቀረው አየር ሙቀቱ እንዳይወጣ ይከላከላል። የዛሬ የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ማገዶና ኃይል ቆጣቢ ቤት ለመንደፍ የሚደክሙበትን ነገር የመንዝ ገበሬ ያለ ንድፍ ሲሠራው ኖሯል።

ይሁንና አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ማቆም ታሪኩን ከግማሽ ማስቀረት ነው። ድንጋዩስ ከማሳ ተለቀመ፤ ሣሩ ከወዴት ይመጣል? ጓሳ የሚበቅልበት ደጋ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉም በፈለገው ቀን ቢያጭደው ኖሮ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ክዳን ባልተገኘ ነበር። ስለዚህ መንዜዎች ከቤቱ በፊት ሕግ ሠሩ። ስሙም ቄሮ ይባላል።

ቄሮ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ ይነገራል። በትውፊቱ አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጓሳን ተካፈሉ፤ የመጠቀም መብቱም በአጽመ ርስት ለተወላጆቻቸው ወረደ። በአባ ቄራ የሚመሩት አለቆች ሣሩን እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘጉት ነበር። መድረሱን ሲያረጋግጡ በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ቀኑን ያስነግራሉ። በበጋ ይታጨዳል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባበታል፤ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ተመልሶ ይዘጋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ያመጣ አዋጅ ነው። ቄሮ ግን በትውልድ ሐረግ ላይ የቆመ ነበርና ከርስቱ ጋር አብሮ ወደቀ። ጠባቂ ያጣው ሣር ሳሳ። ቆይቶ ገበሬዎቹ ራሳቸው በእድር መልክ አዲስ ጥበቃ አቋቋሙ፤ ይህኛው የቆመው ከሐረግ ይልቅ በገበሬ ማኅበራት ላይ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በጓሳ የሚታዩት ያለዚህ ጥበቃ አይደለም።

ዛሬ ቆርቆሮ በዝቷል። በዚህ ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ሣር ክዳን እሳት ይፈራል፣ ያረጃል፣ እንደገና መከደን ይፈልጋል። ቆርቆሮ ግን የሌሊቱን ሙቀት አይዝም። ብርዱን ለመመከት ኩበት ይጨመራል፤ ኩበቱም ማሳውን ሊያለማ የሚችል ፍግ ነበር። የክዳኑ ዕዳ በአዝመራው ይከፈላል ማለት ነው።

እንግዲህ ስለ መልካም ቤት ስንነጋገር ግድግዳው ከምን ይሠራ ከማለታችን በፊት፣ ክዳኑን የሚያበቅለውን መሬት ማን ይጠብቀው ብለን እንጠይቅ። የመንዝ አባቶች ጠይቀውት ነበር። ተወላጅ ያልሆነውን ከደጅ ያስቀረው መልሳቸው ጉድለት ነበረበት፤ ጥያቄያቸው ግን ዛሬም መልስ ይሻል።