ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋ፤ አገራችንን በሜዳ ተቀምጠው የነደፉ እጆች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)፣ ጎንደር በመሳፍንቱ ጠብ በምትናወጥበት ወራት፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ሳለ፣ በዚያችው ከተማ ታሞ ዐረፈ። ይህን ሰው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1765 በኢጣልያ ቀጥሮት ነበርና፣ በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ፣ በሶርያና በሊባኖስ የፓልሚራንና የበዓልቤክን አዕማድ ሲነድፍ ከቆየ በኋላ፣ በ1769 ከጌታው ጋር በምጽዋ ወደብ ወርዶ፣ የጠረፉን ሐሩር አልፎ ደጋውን በመውጣት፣ በየመንገዱ ያገኘውን ዕፀዋትና አዕዋፍ በእርሳስና በውሃ ቀለም እየመዘገበ ነበር እስከ ጎንደር የዘለቀው።

ብሩስ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1790 አምስት ቅጽ ያለውን የጉዞ መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ግን የባሉጋኒን ድርሻ እጅግ አሳነሰው፤ ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በኅዳር 1770 ወደ ግሽ ዓባይ ያደረገውን ጉዞ ሲተርክ፣ የምንጩን ክብር ከሌላ አውሮፓዊ ጋር ላለመካፈል ይመስላል፣ ባሉጋኒ ከዚያ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ መጻፉ ነው። (ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ያንኑ ምንጭ አይቶት ስለ ነበር ክብሩ ራሱ በውሰት የተያዘ ነበር።) ሆኖም ባሉጋኒ በገዛ እጁ የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ከጌታው ሳይለይ እስከ ግሽ እንደ ሄደ ይመሰክራል። የሞተ ሰው አፍ የለውምና ብሩስን የከሰሰው ወረቀቱ ብቻ ነው። ያ ወረቀት ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ተጠብቆ ይገኛል፤ የባሉጋኒን ስም በርእሱ ላይ የተሸከመ፣ የአፍሪካ ዕፀዋት ሥዕሎቹን የሚያብራራ ታላቅ መጽሐፍም በ1991 ታትሟል፤ ሠዓሊው ከሞተ ከ220 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ነገር ማንሣቴ የብሩስን ስም ለማጕደፍ አይደለም፤ ያ ሥራ እርሱን በዐይን ያዩትና ያላዩትም አስቀድመው የፈጸሙት ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የአገራችንን ተራራና ጠረፍ የሚያሳይ አሮጌ ሥዕል በመጽሐፍ ወይም በሆቴል ግድግዳ ላይ ባየን ቍጥር፣ የሣለው እጅ የማን እንደ ሆነ፣ ያ እጅም በእርግጥ በቦታው ተቀምጦ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ውበቱን ብቻ አድንቀን እናልፋለን። ሥዕል ግን እንደ ማንኛውም ምስክር ሊመረመር ይገባዋል።

የእኛ ሊቃውንት ሠዓልያን መልክዐ ምድርን ለራሱ ብለው አልሣሉትም። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተራራ ቢታይ ደብረ ሲና ወይም ደብረ ታቦር ነው፤ ባሕር ቢታይ ሙሴ የከፈለው የኤርትራ ባሕር ነው፤ ምድሩ የሚገባው የቅዱሱ ተግባር ስለሚጠይቀው እንጂ ሠዓሊው አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሜዳ ወጥቶ ቀልቡን ስለ ማረከው አልነበረም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን የሥርዐት ልዩነት ነው እላለሁ። አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ተራራን ከሜዳ ተቀምጠው መንደፍ የለመዱት ለውበት ፍቅር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በዉልዊች ወታደራዊ ትምህርት ቤት፣ ከ1768 ጀምሮ ብዙ ዓመታት የሥዕል መምህር የነበረው ስመ ጥሩው ፖል ሳንድቢ ነው፤ የመድፈኛ መኰንን የኮረብታውን ቍልቍለትና የወንዙን መሻገሪያ፣ የመርከብ መኰንንም የወደቡን ራስ ከባሕር ሲታይ እንዳለ በወረቀት ማስፈር እንዲችል ይፈለግ ነበርና። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው የእርሳስ ደብተር ይዞ ገደል ላይ ሲቀመጥ ያየ የአገሬው ሰው ምድር ሊሰልል ነው ብሎ ቢጠረጥር፣ ጥርጣሬው ከአላዋቂነት የመጣ አልነበረም።

መሣሪያውም በዚያው ዘመን ለመንገድ የተመቸ ሆነ። የሎንዶኖቹ ሪቭስ ወንድማማቾች በ18ኛው ምእት ዓመት መገባደጃ የውሃ ቀለምን በትንንሽ ደረቅ ጡብ መልክ መሸጥ ጀመሩ፤ ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 የእርሳስን ማዕድን ከሸክላ ጋር አዋሕዶ ጥንካሬው እንደ ተፈለገ የሚሆን እርሳስ ሠራ፤ በ1841 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ራንድ የዘይት ቀለም የሚያዝበትን የብረት ቱቦ አወጣ። ወደ እኛ አገር የመጡት ግን አብዛኞቹ ከእርሳስና ከውሃ ቀለም አልወጡም፤ ዘይት ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ በበቅሎ የሚጓዝ ሰውም የሚጠብቅበት ቀን የለውም።

ከእነዚህ አንዱ ሄንሪ ሶልት ነው። በ1780 በሊችፊልድ ተወልዶ፣ በሎንዶን በመጀመሪያ የመልክዐ ምድር ነዳፊ ከነበረው ከጆሴፍ ፋሪንግተን፣ ቀጥሎም የሰው መልክ ሠዓሊ ከነበረው ከጆን ሆፕነር ዘንድ ተማረ፤ በ1802 የቫለንሺያ ቫይካውንት ለሆነው ለጆርጅ አንስሊ ጸሐፊና ነዳፊ ሆኖ ጉዞ ጀመረና፣ ቅድስት ሄለናን፣ የደቡብ አፍሪካን ጫፍ፣ ሕንድንና ሴሎንን አዳርሶ፣ በ1805 በምጽዋ ወርዶ፣ በዲግሳ በኩል ወደ ትግራይ ወጥቶ፣ በዘመነ መሳፍንት ብርቱ ከነበሩት ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ እስከ እንጣሎ ደረሰ። በዚያው ጉዞ አክሱምን አይቶ፣ ቆሞ የቀረውን ሐውልት ነደፈ፤ የንጉሥ ኢዛናን የጽርእ ጽሑፍም ከድንጋዩ ላይ ገለበጠ። ቫለንሺያ ደግሞ ጠረፉን ሲያስቃኝ ዙላ ላለችበት ሰርጥ የገዛ ቤተ ሰቡን ስም ሰጠው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት ሲወርድ፣ በካርታው ላይ የሰርጡ ስም አንስሊ ነበር።

ሶልት በ1809 ያሳተመው 24 ሥዕሎች ያሉት ትልቅ ስብስብ ዛሬም በዋጋ ይፈለጋል፤ ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ስብስብ የምናየው የሶልት እርሳስ የነካው ወረቀት አይደለም። ንድፉ ሎንዶን ከደረሰ በኋላ ዳንኤል ሃቬልና ሌሎች ቀራጮች፣ ዲግሳን ይሁን አክሱምን በዐይናቸው ሳያዩ፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ እያስበሉ አወጡት፤ ከታተመ በኋላም በየቅጂው ላይ ሌሎች እጆች ቀለም ቀቡበት። በዚያን ጊዜ አውሮፓውያን ውብ የሚሉት መልክዐ ምድር የተወሰነ ሥርዐት ነበረው፤ ከፊት ጠቆር ያለ ዛፍ ወይም ድንጋይ፣ ከመካከል ለመጠን ማሳያ የቆሙ ጥቂት ሰዎች፣ ከኋላ እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ ተራራ። ቀራጩ ይህን ሥርዐት በልቡ ይዞ ሲሠራ፣ ከፊት ዛፍ ባይኖር ዛፍ ለመጨመር አይሰስትም። በእኛ ደጋ፣ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በጠራ ጊዜ፣ የአንድ ቀን መንገድ የሚርቅ አምባ በእጅ የሚነካ መስሎ ይታያል እንጂ ሥርዐቱ እንደሚያዘው አይሳሳም፤ ስለዚህ በኅትመቱ ላይ ተራራው እጅግ ደብዝዞ ባየነው ጊዜ የደበዘዘው በሎንዶን ጭስ እንደ ሆነ መጠርጠር ይፈቀድልናል።

በእኔ ፍርድ ከሁሉ የሚልቀው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ነው። በ1802 በጀርመን አገር በሽፓየር የተወለደው ይህ ሠዓሊ፣ አስቀድሞ ከሊቁ ከሹበርት ጋር ቅድስት አገርን ዞሮ ሥሏል፤ በ1841 ደግሞ ካፒቴን ዊሊያም ሃሪስ ከቦምቤይ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በልዑክነት ሲላክ የልዑኩ ሠዓሊ ሆኖ ተከተለ። ጉዞው ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ ዳር አልፎ፣ የአፋርን በረሓ ሰንጥቆ፣ በአልዩ አምባ በኩል አንኮበር የሚወጣ ነበር። አንኮበር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና፣ አንድ ሠዓሊ በአንድ የእርሳስ ደብተር ውስጥ ይህን ያህል የምድር ልዩነት ለማስፈር ዕድል ያገኘበት ጉዞ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

በአሳል አካባቢ የነበረው ሙቀት የልዑኩን ሰዎችና ከብቶች ክፉኛ ጎድቷል፤ ጥቂት መንገድ እንደ ተጓዙም በሌሊት በተጣለ አደጋ ሦስት ሰዎች ተኝተው ሳሉ ተገደሉባቸው። ነጋዴው ሁሉ ከሐሩሩ ለመዳን በሌሊት የሚሄድበት አገር ነው፤ ሌሊት ግን ሥዕል የለም፤ ስለዚህ በርናትስ የሚሠራበት ሰዓት ጓደኞቹ ድንኳንና ጥላ የሚሹበት ያው የቀትር ሰዓት መሆን ነበረበት። በውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ነጭን የሚያሳየው ወረቀቱን ባዶ በመተው ነው፤ የአሳል ዳር ደግሞ የጨው ንጣፍ ስለ ሆነ ከሚቀባው የሚተወው ይበልጥበታል፤ በብሩሹ ላይ ያለው ውሃም ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ሊደርቅ ይቃጣዋል። ከዚያ ወጥቶ በሐምሌ ወር ሸዋ ሲደርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ክረምት ነውና ወረቀቱ አልደርቅ ይላል፣ ጉሙም ገደሉን በጠዋት ከፍቶ ከቀትር በፊት ይዘጋዋል። የአንኮበርን ራስጌ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ምስክር አያስፈልገውም።

ልዑኩ በኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር ውል ተዋውሎ እስከ 1843 በሸዋ ቆየ። ሃሪስ በ1844 ባሳተመው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ቃላቱን እጅግ ስላበዛና ስላሸበረቀ በዘመኑ ሰዎች ሳይቀር ተነቅፏል፤ በርናትስ ግን ዝም ብሎ ሠርቶ፣ በ1852 በሎንዶን 48 ሥዕሎች ያሉትን ሥራ፣ አንዱን ክፍል ለአፋር ቆላ፣ ሌላውን ለሸዋ ደጋ ሰጥቶ አወጣ። ሃሪስ በሦስት ቅጽ ያላሳመነኝን በርናትስ በአንድ ገጽ ያሳምነኛል። በእርሱ ሸዋ ውስጥ ባሕር ዛፍ የለም፤ ያ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከርሱ ጉዞ ግማሽ ምእት ዓመት በኋላ ነውና። የዛሬው ተመልካች ቀጥ ያለውን ረጅም ግንድ ከሸዋ ኮረብታ ለይቶ ማሰብ ስለማይችል፣ ጽድና ወይራ ብቻ የነበሩበትን ዘመን ለማየት የግድ ወደዚህ ጀርመናዊ መሄድ አለበት።

የሌሎቹን ነገር ባጭሩ ላንሣ። ኤዱአርድ ዛንደር በ1847 መጥቶ፣ ለደጃዝማች ውቤ፣ በኋላም ለዐፄ ቴዎድሮስ አገልግሎ፣ በአገራችን ትዳር መሥርቶ፣ በ1868 ያረፈ ሠዓሊ ነው፤ ከመንገደኞቹ የሚለየው አገሩን አቋርጦ ከማለፍ ይልቅ ኖሮበት መንደፉ ነው። በዚያው በ1868 ደግሞ በክሪሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ ስም ያገኘው ዊሊያም ሲምፕሰን፣ ለአንድ የሎንዶን ሥዕላዊ ጋዜጣ ተልኮ፣ ከዙላ ጠረፍ እስከ መቅደላ ያለውን የጦሩን መንገድ ተከትሎ ነድፏል። እጁ ፈጣን ነው፤ የጋዜጣ ሥራ ግን የሚቸኩል ስለ ሆነ ከጦሩ ባሻገር ያለው ምድር ብዙ ጊዜ የመድረክ መጋረጃ ሆኖ ይቀርበታል።

ያ ዘመቻ ከሠዓልያኑ ጋር የፎቶግራፍ መሣሪያ የያዙ መሐንዲሶችንም አምጥቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ቤልጂጋዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ያን ኒሰን ከባልደረቦቹ ጋር፣ መሐንዲሶቹ የቆሙበትን ቦታ በሰሜኑ ክፍል እየፈለገ፣ ከ140 ዓመት በኋላ ያንኑ ተራራ ከዚያው ቦታ ፎቶግራፍ አንሥቶ አስተያየና፣ በ2009 ባወጣው ጥናት፣ ምድሩ በ1868ም የተራቆተ እንደ ነበረና ዛሬ በብዙ ስፍራ ዛፉም የአፈሩ ጥበቃም ከዚያን ጊዜ የተሻለ እንደ ሆነ ገለጠ። በአያቶቻችን ዘመን አገሩ ሁሉ ደን ነበር እየተባለ ለሚነገረው ነገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ጥያቄ ለማንሣት ያስቻለው ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ ያየውን ብቻ ማስቀረቱ ነው።

በፎቶግራፍ የተደረገው በእርሳስ የማይደረግበት ምክንያት የለም። የበርናትስና የሶልት ሥራዎች በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ቅጂያቸውን ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም። ስለዚህ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶቻችን የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከክፍል አውጥታችሁ፣ የበርናትስን ቅጂ አስይዛችሁ ወደ አንኮበር ገደል ውሰዷቸው፤ እርሱ የተቀመጠበትን ቦታ ፈልገው ያንኑ ሸንተረር ይንደፉት፤ የንድፋቸውንም ቀን፣ ሰዓትና የተቀመጡበትን ቦታ ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፉበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸውን ይፈርሙበት።