መቶ ድብ፣ መቶ አዳኝ

ልጅ ሆኜ ድብን የማውቀው ከነቢዩ ኤልሳዕ ታሪክ ብቻ ነበር፤ ከዱር ወጥተው ልጆቹን የሰባበሩት ሁለት ድቦች። አያቴን "ድብ ምን ይመስላል?" ብዬ ስጠይቃት "እኔስ የት አይቼው ልጄ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ቃሉ ከግዕዝ ጀምሮ አለን፤ እንስሳው ግን በአገራችን የለም።

ካደግኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ሳነብ ክው አልኩ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ61 ዓመት ዶሚቲየስ አሄኖባርበስ የተባለ ሹም ሮም ውስጥ ለሕዝብ ትርኢት መቶ የኑሚዲያ ድቦችና መቶ "ኢትዮጵያውያን" አዳኞች እንዳቀረበ ጽፏል። ድብና ኢትዮጵያዊ በአንድ ዓረፍተ ነገር!

ግን ቶሎ አንኩራ። ያኔ ሮማውያን "ኢትዮጵያዊ" የሚሉት ጥቁር አፍሪካዊን ሁሉ ነበር። ሰዎቹ ከየት መጡ? ወደው ነው ወይስ ተገደው? ፕሊኒ አንድም ቃል አልተናገረም። እሱን የገረመው ሌላ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ድብ የለም ብሎ ስለሚያምን "የኑሚዲያ" መባሉ አልገባውም። ተሳስቷል። ኑሚዲያ የዛሬዋ አልጄሪያ አካባቢ ናት፤ እዚያና ሞሮኮ ውስጥ የቡናማ ድብ አጥንቶች ተገኝተዋል።

ስለ ግልገሎቹም ሲጽፍ፣ ቅርጽ የሌለው ነጭ ሥጋ ሆነው ይወለዳሉ፣ እናታቸው እየላሰች ቅርጽ ታስይዛቸዋለች ይላል። ተረት ነው፤ ግን መነሻ አለው። በቀዝቃዛ አገር የምትኖር ቡናማ ድብ በረዶው ሳይመጣ ሣሩን፣ ሥራሥሩን፣ ፍራፍሬውን፣ ጉንዳኑን፣ ስታገኝም ዓሣና ሥጋውን እየበላች ትሰባለች። ከዚያ ጉድጓዷ ገብታ ለወራት ሳትበላ፣ ሳትጠጣ ትተኛለች። የምትወልደውም እዚያው፣ ጾሟን እያለች ነው። ግልገሉ ሲወለድ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ዓይኑም አልተገለጠም። በሰውነቷ ካጠራቀመችው ስብ ወተት እያመነጨች ታሳድገዋለች። ከጉድጓድ ከወጡ በኋላም ሁለት ሦስት ዓመት ሳትለየው ምግብ ፍለጋውን ታለማምደዋለች።

የሮም ተመልካች ይሄን የት ያየዋል? እሱ ያየው ሊገደል የቀረበ አውሬ ነው። እኔም በልጅነቴ የማውቀው አውሬውን ብቻ ነበር።

የሰሜን አፍሪካው ድብ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ እንደነበረ ይነገራል፤ ዛሬ የለም። ከዚያ ትርኢት መቶው ድብ በቁጥር ብቻ ቀርቷል። መቶው ሰውም እንደዚያው፤ የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። የደጋሹ ሹም ስም ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላም ይነበባል። ታሪክ ሳነብ ስሙ የተጻፈውን ብቻ ይዤ ማለፍ ያቆምኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አያቴ ዛሬ ብትኖር፣ ያን ጥያቄ እኔው እመልስላት ነበር። ድብ ማለት፣ እማማ፣ እየጾመች የምታጠባ እናት ናት።