ድምፅ ወይስ ዕድሜ?

ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሐሳቡን በወረቀት ቁራጭ እየጻፈ የሚያሳይ ሰው አስቡ። የጀርመኑ ፍሬድሪክ ሣልሳዊ እንዲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ድምፁ ሲሻክር ያገሩ ሐኪሞች ካንሰር ነው፣ በቀዶ ጥገና ይውጣ አሉ። ከእንግሊዝ የተጠራው ሞሬል ማኬንዚ ግን አይቸኮል አለ፤ ቆርጦ የላከውን ሥጋም ስመ ጥሩው ፊርሾ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ካንሰር አላገኘበትም። ቀዶ ጥገናው ቀረ። በፌብሩዋሪ 1888 ትንፋሽ ቢያጥረው አንገቱን በስተው ቱቦ ከተቱለት። በማርች ዘውድ ወረሰ፤ 99 ቀን ነግሦ ጁን 15 ሞተ።

መቼም ማኬንዚን ለመርገም አንቸኩል። ቢልሮት ቪየና ላይ በካንሰር የተያዘ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ያወጣው በ1873 የመጨረሻ ቀን ነበር። ጉሰንባወር የሚባለው ረዳቱ ሰው ሠራሽ ማንቁርት ሠርቶለት በሽተኛው መናገር ችሎ ነበር፤ ግን ምን ይደረግ፣ ካንሰሩ ተመልሶ በሰባት ወሩ ገደለው። ድምፅህን ስጥ፣ ምናልባት ትኖራለህ፤ ምርጫው ይኸው ነበር።

ይህን ያላላው ጨረር ነው። በ1920ዎቹ ኩታር የተባለ ሐኪም ፓሪስ ላይ ጨረሩን ባንዴ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ለሳምንታት ቢሰጥ ካንሰሩ ጠፍቶ ማንቁርቱ ሊተርፍ ቻለ። በ1991 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 332 በሽተኞችን ለሁለት ከፈለ፦ ገሚሱ ቀዶ ጥገናና ጨረር፣ ገሚሱ መድኃኒትና ጨረር። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሁለቱም ወገን በሕይወት የተገኙት 68 በመቶ ናቸው። ከሁለተኛው ወገን ግን 64 በመቶው ማንቁርታቸው አልወጣም!

አሁን ወደ ግራና እንውረድ። ሽንኩርቱን የሚያጠጣ ገበሬ ድምፁ ቢሻክር ብርድ ነው ብሎ ዳማከሴ ይጠጣል እንጂ ማን ካንሰር ብሎ ያስባል? ቶሎ ቢደረስበት እኮ ጨረር ብቻውን ሊያድነው ይችል ነበር። ጨረር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የገባው በ1997 ነው፤ ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ ባገሪቱ ሌላ አልነበረም። ከመርሳ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕክምናው ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈጃል። የአልጋው ኪራይ፣ አስታማሚው፣ ጦም ያደረው መሬትስ? በኋላ ጅማም ተከፈተ፤ ለወሎ ሰው ግን ጅማ ካዲስ አበባም ይርቃል።

ማንቁርቱ የወጣለትም ቢሆን ዲዳ ሆኖ አይቀርም። ሲንገርና ብሎም በ1980 ይፋ ያደረጉት ትንሽ ቫልቭ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ገብቶ ያናግራል። ታዲያ ይህም በየጥቂት ወሩ መለወጥ አለበት፤ ያው መንገድ እንደገና።