የማርኬቲንግ ኢንተርንሺፕ ፈላጊዎች፦ ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ ሥራ ያዙ

ክረምት ሲቃረብ ፋይል ያቀፉ የቢዝነስ ተማሪዎች ሰንጋ ተራ አካባቢ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው። ኮሜርስም እዚያው፣ የባንኮቹ ፎቆችም እዚያው ናቸውና ሁሉም ቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይገባል፣ "እንደውላለን" ይባላል፣ ስልኩ ግን አይጮህም።

ለምን? የትብብር ደብዳቤ የሚለው "ይህ ሰው ተማሪያችን ነው" ብቻ ነው። የሁሉም ተማሪ ደብዳቤ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። የማርኬቲንግ ኃላፊው ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ "ይሄ ልጅ ምን ያግዘኛል?" መልሱን ይዛችሁ ሂዱ።

1. አንድ ገጽ ሥሩ

የምታመለክቱበትን ድርጅት ቀድማችሁ አጥኑ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጥ የጫማ መደብር ነው እንበል። የመጨረሻዎቹን 30 ፖስቶች ቁጭ ብላችሁ እዩ። ብዙ ሰው ያየው የትኛውን ነው? ዋጋ የተጻፈበትን ወይስ "በውስጥ መስመር አናግሩን" የሚለውን? ለጠየቀ ሰው በስንት ሰዓት ይመልሳሉ? ሁለት ተፎካካሪዎቹንም እንደዚሁ እዩ።

ከዚያ ያያችሁትን በ5 መስመር፣ እናንተ ብትሆኑ የምትሞክሩትን በ3 መስመር ጻፉ። መጀመሪያ ጥሩ የሠሩትን አንሱ፤ ጉድለት ብቻ ከደረደራችሁ ገና ሳትገቡ ትጣላላችሁ። ገጹን ከሲቪያችሁና ከደብዳቤው ጋር አያይዙት።

2. ከባንክ ውጪም ሞክሩ

የማስታወቂያ ድርጅት፣ ሆቴል፣ ሪል እስቴት፣ አስመጪ፣ የግል ክሊኒክ ሁሉም ደንበኛ ይፈልጋል። ትንሽ ድርጅት ስትሄዱ ደብዳቤያችሁ መዝገብ ቤት አይቀርም፤ ባለቤቱን ራሱን የማግኘት ዕድል አላችሁ። ስም ያለው ቦታ ሲቪ ላይ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን "ገጹን ሁለት ወር እኔ ነበርኩ የማስተዳድረው" ማለትም ቀላል አይደለም።

3. ለኢንተርቪው ሕጉን ገረፍ አድርጉ

የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን ያነበበ አመልካች ብዙ አይገኝም። ሌላም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። እስቲ አስቡት፦ ቴሌቪዥን የተዘጋበት ቢራ ፋብሪካ ደንበኛው ጋ በምን ይደርሳል? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላይ የራሳችሁን ሐሳብ ይዛችሁ ግቡ። ከመማሪያ መጽሐፍ የተሸመደደ ትርጉም ከመደርደር ይሻላል።

4. ሳትጀምሩ ተነጋገሩ

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን እናፍራለን፤ "ተቀበሉኝ እኮ፣ ደግሞ ልጠይቅ?" እንላለን። ጠይቁ። ስንት ሳምንት ነው? ማን ይከታተለኛል? የምሠራው ምንድን ነው? ትራንስፖርት ይሸፈናል? መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ አጭር የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን። አለበለዚያ ሁለት ወር ፎቶ ኮፒ ስታነሱ ከርማችሁ ሪፖርት ላይ የምትጽፉት ታጣላችሁ።

ብዙ ቦታ ክፍያ የለም። ከአያት ሜክሲኮ በየቀኑ ደርሶ መልስ፣ ምሳ ሲጨመር፣ የሁለት ወሩ ወጪ ቤተሰብ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀድማችሁ አስሉት። ካልቻላችሁ "በሳምንት 3 ቀን ልምጣ፣ ቀሪውን ከቤት ልሥራ" ማለት ነውር አይደለም፤ የሶሻል ሚዲያ ሥራ ለዚህ ይመቻል።

5. ከዚህ ራቁ

"ለምዝገባ" ወይም "ቦታ ለመያዝ" ብር ላኩ የሚል ካለ አትላኩ። እናንተ ልትሠሩ እየሄዳችሁ ነው፤ ለመግባት መክፈል የለባችሁም። ማታ ሆቴል ውስጥ ኢንተርቪው የሚቀጥርም እንዲሁ፤ በሥራ ሰዓት ቢሮ ካላለ ይቅርባችሁ።

የመጀመሪያው ድርጅት እምቢ ቢል ድካሙ ባዶ አይቀርም። የጫማ መደብሩን ያያችሁበት ዓይን ለሆቴሉም ይሠራል፤ ሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ካሉት ቻናሎች አንዱን ምረጡና 30ውን ፖስት መቁጠር ጀምሩ።

ደብዳቤ ይዞ ለሚዞር ጓደኛችሁ ላኩለት። መልካም ዕድል!