ባልና ሚስት በየትኛው ቀን ይገናኛሉ? የጋራ ዕረፍት ቀን ታሪክ



በሥራ ብዛት እምብዛም የማይገናኙ ባልና ሚስት ቅዳሜንና እሑድን እንዴት ቢያሳልፉ ይበጃል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየሬዲዮው ይነሣል። መልሱም የታወቀ ነው፤ አብሮ ቡና መጠጣት፣ በእግር መንሸራሸር፣ ስልክን ዘግቶ መጨዋወት። ምክሩን አልነቅፍም። ሆኖም ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቀን ከቤት የሚውሉት በማን ውሳኔ ነው? ይህ የጋራ ቀን እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት የተፈጥሮ ነገር ስለሚመስለን ሠሪውን አንጠይቅም። ስለዚህም ቀኑ በአዋጅ ስለ ተወሰደበት ዘመን እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩ ሶቪየት ኅብረት ነው። በግንቦት 1929 በአምስተኛው የሶቪየቶች ጉባኤ ላይ ዩሪ ላሪን የተባለ የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ፋብሪካዎች ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ የሚሠሩበትን ሥርዓት የሚመለከት ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የሕዝብ ኮሚሳሮች ምክር ቤት ሐሳቡን ወደ ድንጋጌ ለወጠው፤ ከጥቅምት ጀምሮም በየኢንዱስትሪው ይተገበር ጀመር።

አሠራሩ በወረቀት ላይ እጅግ የተዋጣ ነበር። የሰባት ቀን ሳምንት ቀርቶ በአምስት ቀን ዙር ተተካ። ሠራተኛው በአምስት ምድብ ተከፈለ፤ ለየምድቡም ቀለም ተሰጠው። እያንዳንዱ ሰው አራት ቀን ሠርቶ በአምስተኛው ቀን፣ ማለትም በቀለሙ ቀን፣ ያርፋል። በየትኛውም ቀን ከአምስት ሠራተኞች አራቱ በሥራ ላይ ስለሚገኙ መሣሪያው አይቆምም። ልብ በሉ፤ ቀድሞ በሰባት ቀን አንዴ ያርፍ የነበረ ሰው አሁን በአምስት ቀን አንዴ ማረፍ ጀመረ። የዕረፍት ቀን በቁጥር በዛ እንጂ አላነሰም።

አሁን ይህን ሒሳብ ወደ አንድ ቤት እናስገባው። ባል ከብረታ ብረት ፋብሪካ በቢጫው ምድብ፣ ሚስት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአረንጓዴው ምድብ ተመደቡ እንበል። ቀለሙ ቋሚ ስለሆነ ዙሩ የቱንም ያህል ቢመላለስ ዕረፍታቸው አይገጥምም። ለሁሉም የጋራ ሆነው የቀሩት አምስት አብዮታዊ በዓላት ብቻ ናቸው። ምደባው በዕጣ ቢሆን ኖሮ ባልና ሚስት በአንድ ቀለም የመውደቃቸው ዕድል ከአምስት አንድ ነው። ልጆቹ ደግሞ በትምህርት ቤታቸው ዙር ይመራሉ። በመሆኑም ከባሏ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምታድር ሴት፣ ባሏን በቀን ብርሃን በእፎይታ የምታይበት ቀን ያጣችበት ሁኔታ ተፈጠረ።

ሠራተኞቹ ዝም አላሉም። ሚስት ፋብሪካ፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሆኑበት ቀን ባዶ ቤት መቀመጥ በዓል አይባልም የሚል ምሬት በፕራቭዳ ጋዜጣ ሳይቀር ታትሟል። ይህ ቅሬታ ከድካም የመጣ አይደለም፤ የሚናገረው ያረፈ ሰው ነው። መንግሥትም ለዕረፍት ቀን መዋያ አላሳጣቸውም ነበር። የሠራተኞች ክበባት፣ ሲኒማ ቤቶች፣ የንባብ ክፍሎች ነበሩ፤ በሞስኮ በ1928 የተከፈተው፣ ኋላ በጎርኪ ስም የተጠራው ሰፊ የባህልና የዕረፍት መናፈሻም ነበረ። የሚሠራ ነገር ሞልቶ፣ አብሮ የሚሠራው ሰው ጠፋ። በእኔ አስተያየት የዕቅዱ አባቶች ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ ዕረፍትን እንደ ዳቦ ለየሰው ተቆርሶ የሚታደል ነገር አድርገው ቆጠሩት።

የፖሊሲው ዓላማ ምርት ብቻ እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። እሑድን ማፍረስ ማለት ቤተ ክርስቲያንን ምእመን ማሳጣት ነው፤ የሙስሊሙ ዓርብና የአይሁዱ ሰንበትም አብረው ይፈርሳሉ። በሩስኛ የእሑድ ስም ራሱ «ትንሣኤ» ማለት መሆኑ ለአብዮተኞቹ ሳይከነክናቸው አልቀረም። ገበሬው ግን በመንደሩ በአመዛኙ የጥንቱን ሳምንት መቁጠሩን ቀጠለ።

ሥርዓቱን የጣለው ከቤተሰብ ምሬት ይልቅ የመሣሪያ ብልሽት ይመስለኛል። አንድ መሣሪያ በብዙ እጅ ሲቀባበሉት ኃላፊ አጣ። ስታሊን በሰኔ 1931 ንግግሩ ይህን ባለቤት አልባነት ነቀፈ። ከታኅሣሥ 1931 ጀምሮ አብዛኛው ኢንዱስትሪ ወደ ስድስት ቀን ሳምንት ተዛወረ፤ ወሩ በገባ በ6፣ በ12፣ በ18፣ በ24 እና በ30 ሁሉም በአንድነት ያርፍ ጀመር። እሑድ የተመለሰው በሰኔ 26 ቀን 1940 ነው። የተመለሰውም በነጻ አይደለም፤ ያው ድንጋጌ የሥራውን ቀን ወደ ስምንት ሰዓት አስረዘመ፣ ያለ ፈቃድ ሥራ መልቀቅንም ወንጀል አደረገ።

ቀደም ሲል የፈረንሣይ አብዮተኞችም በ1793 ሳምንቱን በአሥር ቀን ዙር ተክተውት ነበር። ባለ ሠላሳ ቀን አሥራ ሁለት ወራትና አምስት ወይም ስድስት ትርፍ ቀናት ስለ ነበሩት አቆጣጠራቸው የእኛን ጳጉሜን ያስታውሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀረ። በዚያ ግን የዕረፍቱ ቀን ራቀ እንጂ ባልን ከሚስት አልለየም።

በእኛ አገር የጋራ ቀን ጥያቄ የተነሣው በሌላ መንገድ ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ስለ ቀዳሚት ሰንበት ያካሄዱት ረጅም ተጋድሎ በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ እልባት አግኝቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት ነው፤ ስለ ባልና ሚስት ኑሮ አልተነጋገሩም። ውጤቱ ግን ወደ ቤት ገባ፤ ሞፈርና ቀንበር የሚሰቀልበት ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሆነ።

እዚህ ላይ ግን ውዳሴ እንዳናበዛ እሰጋለሁ። በበዓል ቀን ሞፈር ይሰቀላል እንጂ ምድጃ አይጠፋም። ውኃ የምትቀዳው፣ እንግዳ የምታስተናግደው ሴት ከባሏ ጋር አንድ ቀን ብትውልም አንድ ዕረፍት አላረፈችም። በእንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ የ1850 የፋብሪካ ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችና ወጣቶች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ሥራ እንዲያቆሙ አደረገ። የሴቶቹ ግማሽ ቀን በአመዛኙ ለቤት ጽዳትና ለእጥበት ዋለ፤ ባሎቻቸው ግን ውሎ አድሮ ወደ እግር ኳስ ሜዳ አመሩ። የከተማችን እሑድ ደግሞ ሌላ ባለመብት አለው፤ ሁሉም ሥራ ፈት የሚሆንበት ቀን ስለሆነ ሰርጉም፣ የእድር ስብሰባውም፣ ለቅሶ መድረሱም እዚያው ይወድቃል። የጋራ ቀን ለጥንዶች ብቻ የሚጋራ አይደለም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል። ዕረፍቱም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲውልና ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛል። «በአንድ ጊዜ» የሚለውን ሐረግ አስምሩበት፤ የሶቪየቱ ድንጋጌ የነጠቀው ይህንኑ ነበርና። ነገር ግን ሕጉ የሚያየው አንዱን ድርጅት ነው። ሚስት በሆስፒታል ተረኛ ነርስ፣ ባል በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ቢሆኑ፣ ሁለቱም ቀጣሪዎች ሕጉን አክብረው ጥንዶቹ ለወራት የጋራ ቀን ላያገኙ ይችላሉ። የተጋቢዎች የዕረፍት ቀን እንዲገጥም የመጠየቅ መብት በሕግ ሊደነገግ ይገባል ወይስ ለኅብረት ስምምነት ይተው? በዚህ ላይ የሕግ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቼ በውይይቱ ሰዓት የሚሉትን መስማት እፈልጋለሁ።