ስለ ቆዩ በገናዎች አጠባበቅና እድሳት

ከእንጦጦ ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የየካ ጋራ ከነባሕር ዛፉ ይታየዋል። በዚያ ጋራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ በእንጦጦ በኩል ደግሞ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። እነዚህን ሁለት ስፍራዎች ማንሣታችን ስለ ሕንፃዎቹ ለመናገር አስበን አይደለም። በእነርሱ ዙሪያ በሚገኙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ስለ ኖሩ፥ ዛሬም አንዳንዶቹ ከጭስና ከአቧራ በቀር የሚጎበኛቸው ስለ ታጣ በገናዎች ጥቂት ለማለት ነው።

በገና ዐሥር አውታር ያለው፥ ቁመቱ ከተቀመጠ ሰው ራስ የሚበልጥ የዜማ መሣሪያ እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከእስራኤል ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ የሚለው ትውፊት በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ በብራና ሥዕሎች ላይ ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ መሣል የጀመረው ግን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ መሆኑን የታሪክ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ሊቃውንቱ ዐሥሩን አውታር በዐሥርቱ ትእዛዛት፥ ሁለቱን ምሰሶዎች በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል ይመስሏቸዋል። እንደዚህም ሆኖ በገና በማኅሌት ከከበሮና ከጸናጽል ጋር አይገባም። ስፍራው የቤት ጓዳና የመኳንንት እልፍኝ፥ ወራቱም ይልቁንም ዐቢይ ጾም ነው። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገራል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ በነበረበት ዘመን ይህ ድምፅ ለተራራው እንግዳ አልነበረም ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከተማው ወደ ፍል ውሃ ከወረደ በኋላም እንጦጦ በገናን አልረሳም። አቶ ዓለሙ አጋ በ1942 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት በዚሁ በእንጦጦ ነው። ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆን በዘመኑ እጅግ ከታወቁት የበገና መምህር ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ትምህርቱን ጀመሩ። በኋላም በዩኒቨርሲቲ መልክዐ ምድርን አጥንተው፥ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገናን ለማስተማር በቁ። በ1964 ዓ.ም. ገደማ ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ የውጭ አገር ተመራማሪ ድምፃቸውን ለዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ቀረጹት።

ከአብዮቱ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በገና ከሬዲዮ ራቀ፤ በትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ስለ ተቋረጠ አቶ ዓለሙ በ1972 ዓ.ም. ገደማ ሥራቸውን ትተው በፒያሳ ሱቅ ከፈቱ። አንድ ትውልድ ያህል ልጆች የአባቶቻቸውን በገና እንደ ግድግዳ ጌጥ ብቻ እያዩ ያደጉት በዚህ ምክንያት ነው። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል ማሠልጠኛዎች ወንዱም ሴቱም በገና ሊማር ተሰልፏል፤ ይህም ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ተማሪው የሚገዛው አዲሱን በገና ነው፤ አውታሩም ብዙውን ጊዜ ናይለን ነው። አሮጌው እንደ ተሰቀለ ቀረ።

እንግዲህ አሮጌውን ምን እናድርገው? ሙዚየም ማስገባት አንድ መንገድ ነው። በስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአገራችንን የዜማ መሣሪያዎች ሰብስቦ ያሳያል፤ ተመልካችም ብዙ ይማርበታል። በመስተዋት ውስጥ ያለ በገና ግን ቅርፁን እንጂ ድምፁን አያሳይም።

በዚህ ነገር የውጭ አገር ሰዎችን ልማድ ብናስተያይ አይከፋም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሌዎ ፌንደር የተባለ ሰው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ አራት አውታር ቤዝ ጊታር ለገበያ አወጣ። ይህ መሣሪያ ወደ እኛም ገብቶ፥ ጆቫኒ ሪኮ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ሲጫወቱበት የአዲስ አበባ ሕዝብ ጨፍሮበታል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ ይሻሟቸዋል፤ ሕጋቸውም ጥብቅ ነው። ቀለሙ ቢላጥ መልሶ መቀባት ዋጋውን ያወርዳል፤ ብሎኑ እንኳ የጥንቱ መሆን አለበት። ለእነርሱ ሕጉ ተስማምቷቸዋል። በበገና ላይ ግን እንዳለ ብንጭነው መሣሪያውን ዝም ማሰኘት ይሆናል፤ አውታሩና ቆዳው ከእንስሳ የተገኙ ስለ ሆኑ ያልቃሉና። መቶ ዓመት የቆየ የበግ አንጀት ልጠብቅ የሚል ሰው የሚጠብቀው የተበጠሰ ክር ነው። እኛ የሚሻል የሚመስለን እንዲህ ነው፤ በመነካት የሚያልቀው በዓይነቱ ይተካ፥ የሠሪው እጅ ያረፈበት እንጨት ግን አይነካ።

የእድሳቱንም አሠራር በጥቂቱ እንግለጽ። አውታሩ የበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦና ተፍቆ፥ ተገምዶና ተወጥሮ ይደርቃል፤ ውፍረቱም እንደየአውታሩ ይለያያል። ገበቴውን የሚሸፍነው የከብት ቆዳ ርጥብ ሳለ ይለበጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ይጠብቃል። እንጨቱ ዋንዛ ከሆነ ቀሊልና ለምስጥ የማይመች ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ሲደርቅ መሰንጠቁ የተለመደ ነው። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያልፋል፤ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ቆዳው ይላላል፥ ቅኝቱም ይወርዳል። ስለዚህ ቆዳ የሚለበጠው በበጋ ነው።

ከሁሉ የሚረቀው ግን እንዚራ ነው። እንዚራ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ሲሆን፥ በገና ያን ንብ የሚመስል ንዝረቱን የሚያገኘው ከእርሱ ነው። ያለ እንዚራ አውታሩ ቢመታ ድምፁ ቀጭንና ቶሎ የሚጠፋ ነው። እንዚራው ጥቂት ወደ ፊት ሲገፋ ድምፁ ይታፈናል፥ ጥቂት ወደ ኋላ ሲሳብ ንዝረቱ ይጠፋል፤ ልኩን ጆሮ እንጂ መለኪያ አያገኘውም። እንግዲህ አናጢ ብቻውን በገናን ሊያድስ አይችልም፤ ደርዳሪ አጠገቡ መቀመጥ አለበት።

ይህን የምንለው ያየነው ነገር ስላለ ነው። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት አንዲት አሮጊት እማሆይ የሟች ባለቤታቸውን በገና አሳዩን። የልጅ ልጃቸው አያቱን አከብራለሁ ብሎ በገናውን በአሸዋ ወረቀት ፍቆ፥ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ቀብቶ፥ የጊታር ሽቦ ወጥሮበት ነበር። በጭስ የጠቆረው የቀንበሩ መልክ ጠፍቷል፤ የአያቱ ክንድ ለብዙ ዘመን ተደግፎበት የለሰለሰው ስፍራም አብሮ ተፍቋል። ልጁ አውታሩን ሲመታው እንደ ክራር ጮኸ። እማሆይም ዝም ብለው ሰምተው፥ «ልጄ፥ ይኸ የእርሳቸው ድምፅ አይደለም» አሉት። ልጁን መውቀስ አልቻልንም፤ በተወለደበት ዘመን የሚያሳየው ሰው አላገኘም።

የተፋቀው እንጨት አይመለስም። የቀረውን ለማዳን ግን ጊዜ ነበረ። ሽቦው ቀንበሩን ሊሰነጥቀው ስለ ደረሰ መጀመሪያ እርሱ ወረደ። ቆዳው ስፌቱ ላይ ብቻ ስለ ተተረተረ ሳይለወጥ በጠፍር ተጠገነ። በበርኩማው ላይ ዐሥሩ አውታሮች የሄዱባቸው ዐሥር ጭረቶች እንደ ነበሩ ተገኙ፤ ቫርኒሹ አልደረሰባቸውም ነበር። ልጁም አንጀቱን ከሥጋ ሻጭ ለምኖ አምጥቶ፥ እርሳቸው እያሳዩት ራሱ ገመደው። እማሆይ ባለቤታቸው ሲገምዱ ስንት ዓመት አይተዋልና እጃቸው አልረሳም። ቅኝቱን የሚያውቅ ደርዳሪ ከእንጦጦ በኩል ተጠርቶ የመጣው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀር ነበር። ሰባቱን እንዚራ በአንድ ቀን አስተካከላቸው፤ ሦስቱ ግን አልታዘዝ ስላሉት ለማግስቱ አሳደራቸው።