መልክ የያዘና ያልያዘ
ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ አንዲት ነፍሰ ጡር ይገፋሉ፤ ፅንሷ ይወርዳል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ቁጥር 22 የተመለከተው ነገር ይኸው ነው። የድብድብ ጣጣ እንጂ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ማስወረድ አይደለም፤ ያም ሆኖ ስለ ፅንስ ማስወረድ የተከራከሩ ሊቃውንት ለዘመናት ወደዚህ ቁጥር ሲመለሱ ኖረዋል።

ዕብራይስጡ የሚጠይቀው «አሶን»፣ ማለትም ብርቱ ጉዳት፣ መድረስ አለመድረሱን ነው። ካልደረሰ ገፊው ካሳ ይከፍላል፤ ከደረሰ ሕይወት በሕይወት ይተካል። የአይሁድ መምህራን ጉዳቱን በእናቲቱ ላይ የሚደርስ አድርገው ስለተረዱት ለፅንሱ ከካሳ ያለፈ አልጠየቁም። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የሕግ መድብላቸው ሚሽና ምጥ የጠናባትን ሴት ለማትረፍ ፅንሱን በማህፀን ውስጥ ቆራርጦ ማውጣትን ይፈቅዳል። አብዛኛው አካሉ ከወጣ በኋላ ግን አይነካም፤ ያኔ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ሆኗልና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪትን በእስክንድርያ ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ጥያቄውን ራሱን ለወጡት። ፅንሱ መልኩ ተሥሎ እንደሆነ ሕይወት በሕይወት፣ ካልተሣለ ካሳ አሉ፤ የመረጡት ቃልም «ሥዕል» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ቀደም ሲል አሪስቶትል ወንድ ፅንስ በ40፣ ሴት ፅንስ በ90 ቀን ገደማ ቅርጹ እንደሚለይ ጽፎ ስለነበር የግሪኮቹ ሐሳብ ጥላውን ሳያሳርፍበት አልቀረም። (የክርስትና 40 እና 80 ቀን ትዝ ቢልም፣ እርሱ የሚቆጠረው ከልደት ወዲህ ነው።) የግዕዙ ኦሪትም የተተረጎመው ከግሪኩ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ይህን መለያ አልተቀበለም። ለጳጳሱ ለአምፊሎኪዮስ በላከው ደብዳቤ፣ ሆን ብላ ያስወረደች ሴት በነፍስ ግድያ እንደምትጠየቅ፣ መልክ ይዟል አልያዘም እያሉ መመራመርም እንደማያስፈልግ አስተማረ። ንስሐዋን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ማራዘምን ትቶ በ10 ዓመት ወሰነው። ስሙን የሚጠሩት ሰዎች ፊተኛውን ሲጠቅሱ ኋለኛውን ይዘነጋሉ።

በምዕራቡ ዓለም መለያው ዕድሜ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1140 ገደማ ግራቲያን ባጠናቀረው የቀኖና መጽሐፍ መልክ ያልያዘን፣ ማለትም ነፍስ ያልዘራን ፅንስ ያስወረደ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1588 የሮማው ጳጳስ ሲክስቶስ 5ኛ ልዩነቱን ሻረ፤ ከ3 ዓመት በኋላ ጎርጎርዮስ 14ኛ መለሰው፤ በ1869 ፒዮስ 9ኛ እንደገና አስቀረው። የእንግሊዝ የ1803 ሕግ በበኩሉ የሞት ቅጣትን ፅንሱ በሆድ ውስጥ ከተላወሰ በኋላ ለሚፈጸም ማስወረድ ብቻ አደረገው። መላወሱን ቀድማ የምታውቀው ራሷ ነፍሰ ጡሯ ናት፤ የክሱ ክብደት በእርሷ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። በ1837 ይህም መለያ ቀረ።

የኢትዮጵያ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 አስገድዶ መድፈርን፣ በዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን፣ የፅንሱን የማይድን ከባድ ጉድለት፣ የእናቲቱን ለአካለ መጠን አለመድረስ ጨመረ። ቀን ግን አልቆጠረም፤ የሕክምና ሙያው በሚፈቅደው ጊዜ ውስጥ ይሁን ብሎ ጥያቄውን ለሐኪሞች ተወው።